የተስቦ (ታይፈስ) የላቦራቶሪ ምርመራ በኢትዮጵያ

የተስቦ የላቦራቶሪ ምርመራ ማለት ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ተቋም የመጣ ሰው ሕመሙ ሪኬትሲያ በሚባሉ ባክቴሪያዎች ወይም በቅርብ ዘመዶቻቸው የመጣ መሆኑን ከደሙ ወይም ከቁስሉ በሚወሰድ ናሙና የማጣራት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ለዚህ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ዌይል-ፌሊክስ የተባለው ምርመራ ነው። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ቢሆንም አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ውጤት በሽታውን አያረጋግጥም፤ በሽታው የለም ለማለትም አያስችልም።

ስያሜው

በአማርኛ ተስቦ የሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ በወረርሽኝ መልክ ለሚመጣ ከባድ ትኩሳት ሲነገር ቆይቷል። በዘመናዊ ሕክምና ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይህን ስም ይጋራሉ። አንደኛው ታይፈስ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ተስቦ የሚለው እሱን ነው። ሁለተኛው የአንጀት ተስቦ ወይም ታይፎይድ ነው። የአንጀት ተስቦ የሚመጣው ሳልሞኔላ ታይፊ በሚባል ባክቴሪያ በተበከለ ምግብና ውኃ ሲሆን፣ ታይፈስን ግን ቅማል፣ ቁንጫና የመሳሰሉት ያስተላልፉታል። ሁለቱ በሽታዎች በምክንያታቸው፣ በመተላለፊያ መንገዳቸውና በመድኃኒታቸው ይለያያሉ።

ሆኖም በብዙ ክሊኒኮች ሁለቱ ምርመራዎች በአንድ ላይ ይታዘዛሉ፤ ለታይፎይድ የዊዳል ምርመራ፣ ለታይፈስ ደግሞ ዌይል-ፌሊክስ። በዚህ ምክንያት «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» የሚለው አባባል በአዲስ አበባ የተለመደ ሆኗል። በእርግጥ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ጊዜ አንድን ሰው መያዛቸው እምብዛም የማያጋጥም ነው። የሁለቱ ምርመራዎች አብሮ ፖዘቲቭ መሆን ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የምርመራዎቹን ድክመት ነው።

የተስቦ ዓይነቶች

የወረርሽኝ ተስቦ፦ ሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። የሚያስተላልፈው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው የገላ ቅማል ነው። ባክቴሪያው ያለው በቅማሉ ዓይነ ምድር ውስጥ ሲሆን፣ ሰውየው ሲያክክ በተጫረው ቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ቅዝቃዜ፣ መጨናነቅ፣ ልብስ ለመቀየርና ለማጠብ አለመቻል በሽታውን ያስፋፋሉ። ስለዚህም በደጋ አካባቢዎች፣ በእስር ቤቶች፣ በመጠለያዎችና በጦር ሰፈሮች ተከስቶ ይታወቃል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ጤና ድርጅት ከተገለጹት ሕሙማን አብዛኞቹ የአፍሪካ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያ፣ ቡሩንዲና ሩዋንዳ ከፊተኞቹ መካከል ነበሩ።

የአይጥ ተስቦ፦ በሪኬትሲያ ታይፊ የሚመጣ ሲሆን በአይጥ ቁንጫ ይተላለፋል። ከወረርሽኝ ተስቦ ቀለል ያለ ነው።

የመዥገር ትኩሳት፦ ሪኬትሲያ አፍሪኬ በከብት መዥገር ይተላለፋል። ይህ ባክቴሪያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ መዥገሮች ተለይቶ የተገኘ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

የቁጥቋጦ ተስቦ ወይም ስክረብ ታይፈስ፦ ኦሪየንሺያ ሱሱጋሙሺ በተባለ ባክቴሪያ ይመጣል። የሚያስተላልፉት የመዥገር ዘመድ የሆኑ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ማይት የሚባሉ ፍጥረታት ጩጬዎች ናቸው። ዋና መገኛው ከጃፓንና ከሩቅ ምሥራቅ ሩሲያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ እስከ ፓኪስታን የተዘረጋው የእስያና የፓስፊክ አካባቢ ነው።

በምልክት ብቻ ለምን አይለይም

ተስቦ የሚጀምረው በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ በከባድ ራስ ምታት፣ በብርድ ብርድ ማለትና በጡንቻ ሕመም ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ በደረትና በሆድ ላይ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ሽፍታው በቀላሉ አይታይም። ሲከፋ ሕመምተኛው ይቃዣል፣ ራሱን ይስታል። የወረርሽኝ ተስቦ ሳይታከም ሲቀር ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል።

እነዚህን ምልክቶች ወባ፣ የአንጀት ተስቦ፣ ግርሻ፣ የማጅራት ገትርና ሌሎችም በሽታዎች ይጋሯቸዋል። ለምሳሌ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በመካኒሳ የሚኖር ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሐኪሙ ሊያስባቸው የሚገቡ በሽታዎች ብዙ ናቸው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በመሆኑ ወባ በብዛት የሚገኘው ከቆላ በመጡ ወይም ቆላ ደርሰው በተመለሱ ሰዎች ላይ ነው። በአንጻሩ ለቀን ሥራ ከገጠር መጥቶ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር፣ ልብሱን የሚቀይርበት አጋጣሚ የሌለው ሰው በቅማል ለሚተላለፉ በሽታዎች የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ከየት መጣህ፣ የት ታድራለህ፣ ቅማል አለብህ ወይ የሚሉት ጥያቄዎች የምርመራው አካል ናቸው። የልብስን ስፌት ገልጦ ማየትም እንዲሁ።

የዌይል-ፌሊክስ ምርመራ

ታሪክ

ኤድመንድ ዌይልና አርተር ፌሊክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጋሊሲያ ከተስቦ ሕመምተኛ ሽንት ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ። ፕሮቲየስ የተስቦ መንስኤ አይደለም። ነገር ግን የተስቦ ሕሙማን ሴረም፣ ማለትም ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ውኃማ ክፍል፣ ይህን ባክቴሪያ እንደሚያጓጉል አስተዋሉ። ግኝታቸውን በ1916 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ምክንያቱ የአንዳንድ የፕሮቲየስ ዝርያዎች የላይኛ ሽፋን ከሪኬትሲያ ሽፋን ጋር የሚመሳሰል ክፍል ስላለው ነው። ሰውነት ሪኬትሲያን ለመከላከል የሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ፕሮቲየስንም ይይዛሉ።

ሪኬትሲያ የሚያድገው በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ ብቻ በመሆኑ በተራ ላቦራቶሪ ሊራባ አይችልም፤ ለሠራተኛውም አደገኛ ነው። የባክቴሪያዎቹ ስም ይህን ይመሰክራል። ሃዋርድ ሪኬትስ በ1910፣ ስታኒስላውስ ፕሮዋዜክ ደግሞ በ1915 እ.ኤ.አ. የሞቱት ሲያጠኑት በነበረው ተስቦ ተይዘው ነው። ፕሮቲየስን ግን ማንኛውም ላቦራቶሪ ያለ ትልቅ ስጋት ሊይዘው ይችላል። ዘዴው ከ100 ዓመት በላይ በሥራ ላይ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራር

በምርመራው ሦስት የፕሮቲየስ አንቲጅኖች ያገለግላሉ፤ እነሱም ኦኤክስ-19፣ ኦኤክስ-2 እና ኦኤክስ-ኬ ናቸው። በመርህ ደረጃ የወረርሽኝ ተስቦና የአይጥ ተስቦ በይበልጥ ኦኤክስ-19ን፣ የመዥገር ትኩሳቶች ኦኤክስ-19 እና ኦኤክስ-2ን፣ የቁጥቋጦ ተስቦ ደግሞ ኦኤክስ-ኬን ብቻ ያጓጉላሉ። የወረርሽኝ ተስቦንና የአይጥ ተስቦን አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ፈጣኑ ዘዴ በስላይድ ላይ የሚሠራው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው የሴረም ጠብታና የአንቲጅን ጠብታ አደባልቆ እያወዛወዘ 1 ደቂቃ ያህል ይመለከታል። ከተጓጎለ የሴረሙን መጠን እየቀነሰ ይደግመዋል። መጠኑ 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር ሲሆን እንደ ቅደም ተከተሉ ከ1፡20፣ 1፡40፣ 1፡80፣ 1፡160 እና 1፡320 ታይተር ጋር ይመሳሰላል። ታይተር ማለት ሴረሙ ቀጥኖ ቀጥኖ አሁንም መጓጎል የሚታይበት የመጨረሻው ደረጃ ነው። የቲዩብ ዘዴው ሴረሙን በሳላይን እያቀጠኑ በተከታታይ ቲዩቦች ውስጥ በማድረግ ለሰዓታት አቆይቶ ይነበባል። ጊዜ ቢወስድም ከስላይዱ ይልቅ ይታመናል።

በሥራው ላይ የሚፈጠሩ ጥቃቅን ስህተቶች ውጤቱን ይለውጡታል። አንቲጅኑ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ወዲያው ከተሠራበት ወይም በደንብ ካልተወዛወዘ፣ ስላይዱ ንጹህ ካልሆነ፣ ከተወሰነው ደቂቃ በኋላ ጠብታው መድረቅ ሲጀምር ከተነበበ የሌለ መጓጎል ያለ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው በሴረሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል እጅግ ሲበዛ ያልቀጠነው ናሙና ላይጓጎል ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ፖዘቲቭነቱና ነጌቲቭነቱ አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ ሴረም አብሮ መሠራት አለበት።

ድክመቶች

የመጀመሪያው ድክመት ጊዜ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ ለምርመራ በሚበቃ መጠን የሚገኙት ትኩሳቱ ከጀመረ ከ5 እስከ 10 ቀናት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን የመጣ የተስቦ ሕመምተኛ ውጤቱ ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በፊት ተስቦ ይዞት በሰውነቱ ውስጥ የተደበቀው ባክቴሪያ እንደገና በሚነሳበት ሰው ላይም ውጤቱ ብዙ ጊዜ ነጌቲቭ ነው፤ ይህ ብሪል-ዚንሰር የሚባለው በሽታ ነው።

ሁለተኛው ድክመት ምርመራው ለተስቦ ብቻ አለመሆኑ ነው። በፕሮቲየስ የመጣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ብሩሴላ፣ ሌፕቶስፓይራና የጉበት ሕመም ፖዘቲቭ ሊያደርጉት ይችላሉ። ግርሻ ደግሞ ኦኤክስ-ኬን ያጓጉላል።

ሦስተኛው ድክመት፣ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ዝቅተኛ ታይተር መገኘቱ ነው። ይህ መጠን ከአገር አገር፣ ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል። የአካባቢው ጤነኛ ሰዎች ልክ ሳይታወቅ 1፡80 ወይም 1፡160 በሽታ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

የአንድ ውጤት ክብደት

የአንድ ፖዘቲቭ ውጤት ዋጋ በምርመራው ጥራት ብቻ ሳይሆን በሽታው ምን ያህል የተለመደ እንደሆነም ይወሰናል። ይህን ለመረዳት የሚከተለውን ምናባዊ ስሌት መመልከት ይቻላል። 1,000 ሰዎች በትኩሳት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ መጡ እንበል። ከእነሱ እውነተኛ ተስቦ ያለባቸው 20 ናቸው። ምርመራው ካለባቸው ሰዎች ግማሹን ያገኛል፤ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል ነጌቲቭ ይላል።

ከ20ዎቹ 10ሩ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ተስቦ ከሌለባቸው 980 ሰዎች መካከል ግን 98ቱ በስህተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። በጠቅላላው 108 ሰዎች «ታይፈስ ተገኝቶብሃል» ይባላሉ፤ እውነተኞቹ 10 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ 10 እውነተኛ ሕሙማን ደግሞ የለባችሁም ተብለው ይመለሳሉ። ተመሳሳዩ ምርመራ ግን ወረርሽኝ በተነሳበት እስር ቤት ቢሠራና ከ1,000 ትኩሳት ያለባቸው ሰዎች 500ዎቹ ተስቦ ቢሆኑ፣ 250ው እውነተኛ፣ 50ው ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። የምርመራው ዘዴ ሳይለወጥ የውጤቱ ትርጉም ተለወጠ ማለት ነው።

በስህተት ፖዘቲቭ የሆነ ሰው የሚጎዳው ያላስፈላጊ መድኃኒት በመውሰዱ ብቻ አይደለም። ምክንያቱ ተገኘ ተብሎ ስለሚታመን የእውነተኛው በሽታ ፍለጋ ይቆማል። የሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ የቆየ ትኩሳት ያለበት ሰው በየወሩ «ታይፈስ» እየተባለ ሲታከም ሊቆይ ይችላል።

የደም ፊልም ቅድሚያ

በኢትዮጵያ ትኩሳት ላለበት ሰው ቀድሞ ሊሠራ የሚገባው የደም ፊልም ነው። ከጣት በተወሰደ ጠብታ ወፍራምና ስስ ፊልም ተሠርቶ በጊምዛ ወይም በራይት ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በዚሁ ፊልም የወባ ተዋሕሲያንና የግርሻ ባክቴሪያ ይፈለጋሉ። ግርሻ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ በተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ይመጣል፤ የሚያስተላልፈውም ያው የገላ ቅማል ነው። ሕመምተኛው ትኩሳት ላይ እያለ ከተወሰደ ባክቴሪያው በቀይ የደም ሴሎች መካከል እንደ ተጠማዘዘ ክር ሆኖ ይታያል።

የተስቦ ባክቴሪያ ግን በደም ፊልም አይታይም፤ የሚኖረው በደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ነውና። ስለዚህ የደም ፊልም ተስቦን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን የሚመስሉትን ሁለት ዋና ዋና በሽታዎች ያወጣል። ግርሻን መለየት ለሌላም ነገር ይጠቅማል። የግርሻ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ያሪሽ-ኸርክስሃይመር የተባለ ብርቱ ምላሽ ሊያሳይ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይጨምራል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። በመሆኑም ክትትል ያስፈልገዋል።

የአንጀት ተስቦ ከተጠረጠረም መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የደም ካልቸር መውሰድ ከዊዳል ምርመራ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

የሚያረጋግጡ ምርመራዎች

ኢሚዩኖፍሎረሰንስ፦ ለሪኬትሲያ በሽታዎች መመዘኛ ተደርጎ የሚወሰደው ምርመራ ነው። እውነተኛው ሪኬትሲያ በስላይድ ላይ ይደርቃል፤ የሕመምተኛው ሴረም ይጨመርበታል፤ ከዚያም በብርሃን የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይደረግበታል። በሕመምተኛው ሴረም ውስጥ የሚፈለገው ነገር ካለ ባክቴሪያው በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ያበራል። ማይክሮስኮፑ ውድ ነው፤ ንባቡም የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል።

ጥንድ ሴረም፦ የመጀመሪያው ናሙና ሕመምተኛው ሲመጣ፣ ሁለተኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ይወሰዳል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመረመሩ ታይተሩ 4 እጥፍ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ1፡64 ወደ 1፡256 ከደረሰ፣ በሽታው አዲስ ነው። ይህ ማስረጃ ጠንካራ ቢሆንም ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ የሚገኝ በመሆኑ ለሕክምና ውሳኔ አይደርስም። የሚጠቅመው ወረርሽኝን ለማወቅና ለጥናት ነው።

ኤላይዛና ፈጣን ኪት፦ በእውነተኛው ባክቴሪያ ፕሮቲን ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው ከዌይል-ፌሊክስ ይሻላሉ። እነሱም ቢሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊስቱ ይችላሉ።

ፒሲአር፦ የባክቴሪያውን ዘረመል ይፈልጋል። ፀረ እንግዳ አካል ከመመረቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት መድኃኒት ሳይጀመር በተወሰደ ናሙና ይሠራል። በደም ውስጥ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሆነ ነጌቲቭ ውጤት በሽታው የለም ማለት አይደለም። በንክሻው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ካለ ከቅርፊቱ የተወሰደ ናሙና ከደም የተሻለ ነው። ከሕመምተኛው ልብስ የተለቀመ ቅማልም ሊመረመር ይችላል።

ይህ የመጨረሻው መንገድ በቡሩንዲ ታይቷል። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በንጎዚ እስር ቤት ሱታማ የተባለ ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት ተነሳ። ከሕሙማኑ የተወሰዱ ናሙናዎችና ቅማሎች ማርሴይ፣ ፈረንሳይ ተልከው ሲመረመሩ የወረርሽኝ ተስቦ መሆኑ ታወቀ። በሽታው በስደተኞች ካምፖች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዞ ነበር።

የቁጥቋጦ ተስቦና ኢትዮጵያ

የቁጥቋጦ ተስቦ ለረጅም ጊዜ የእስያና የፓስፊክ በሽታ ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ይህ አመለካከት የተለወጠው በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በቺሌ፣ ሌላው በዱባይ ተይዘው ከተገኙ በኋላ ነው። በዱባዩ ሕመምተኛ የተገኘው ባክቴሪያ ኦሪየንሺያ ቹቶ የሚል አዲስ ስም ተሰጥቶታል። በኬንያና በጅቡቲ የተደረጉ የደም ጥናቶችም የኦሪየንሺያ ፀረ እንግዳ አካል ያላቸው ሰዎች እንዳሉ አመልክተዋል። ፀረ እንግዳ አካል መገኘት ግን ባክቴሪያውን ራሱን እንደ ማግኘት አይቆጠርም።

በኢትዮጵያ የቁጥቋጦ ተስቦ እንደ ተለመደ በሽታ አይታወቅም። ስለዚህ ኦኤክስ-ኬ ፖዘቲቭ የሆነበት ሕመምተኛ ቢገኝ ቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ግርሻ ነው፤ የደም ፊልሙም ተደግሞ መታየት አለበት። ሕመምተኛው በቅርቡ ከሕንድ፣ ከታይላንድ ወይም ከሌላ የእስያ አገር የተመለሰ ከሆነ ግን የቁጥቋጦ ተስቦ ከሚታሰቡት መካከል ይገባል። በዚህ ጊዜ በብብት፣ በብሽሽት፣ በወገብ ቀበቶ ሥርና ሕመምተኛው ራሱ በማያየው የሰውነት ክፍል ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይፈለጋል። ቁስሉ አያምም፤ አያሳክክምም፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ሳይናገረው ሊቀር ይችላል።

ውጤትና ሕክምና

ተስቦ በብርቱ በተጠረጠረ ጊዜ የላቦራቶሪ ማረጋገጫ እስኪመጣ ሕክምና አይዘገይም። ዋናው መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነው። በኢትዮጵያ የተካሄደና በ1974 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የወጣ ጥናት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን ለወረርሽኝ ተስቦና ለግርሻ እንደሚሠራ አሳይቷል። ይህ ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ቅማል ለሚተላለፉበትና ላቦራቶሪ ለማይገኝበት ቦታ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ፔኒሲሊንና ለአንጀት ተስቦ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ግን በሴል ውስጥ የተደበቀውን ሪኬትሲያ አያጠፉም። ሁለቱን «ተስቦዎች» ማደባለቅ ለሕይወት የሚያሰጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ለመድኃኒቱ የሚሰጠው ምላሽም መረጃ ነው። በዶክሲሳይክሊን የታከመ የተስቦ ሕመምተኛ ትኩሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ገደማ ይበርዳል። ካልበረደ የወረቀቱ ውጤት ምንም ይበል ምን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

በኢትዮጵያ የበሽታዎች ቅኝት ሥርዓት ተስቦ፣ የአንጀት ተስቦና ግርሻ ጤና ተቋማት በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚያደርጓቸው በሽታዎች መካከል ናቸው። ሪፖርቱ በአንድ የስላይድ ውጤት ላይ ብቻ ሲመሠረት የሌለ ወረርሽኝ ያለ፣ ያለው ደግሞ እንደ ወትሮው ትኩሳት ሊመስል ይችላል። በአንድ ማደሪያ ወይም መጠለያ ከአንድ በላይ ሰው በተመሳሳይ ትኩሳት ሲታመምና ቅማል ሲገኝ ናሙና ወደ ማጣቀሻ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል። ለመከላከል ደግሞ ልብስና አንሶላ በፈላ ውኃ ማጠብ ወይም ልብሱን ለአንድ ሳምንት ሳይለብሱ ማቆየት ቅማሉን ያጠፋል፤ የገላ ቅማል ደም ሳይመጥ ከጥቂት ቀናት በላይ አይኖርምና። የቅማሉ ደረቅ ዓይነ ምድር ግን ተላላፊ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል የሕመምተኛውን ልብስ ሳያራግፉ በጥንቃቄ መያዝና ከማጠብ በፊት በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ ይመከራል።